ፊት የሌለው የሰርግ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር፣ አውቶቡስ መያዣው ጋ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥላው ሳቡኝ። ፊቴን ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩና በሶማልኛ፣ «አንቺ ያቺ ጫማ ስትቀርጺ የዋልሽው ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። ኤዶ ሳፊያ ናቸው፣ የአክስቴ ባል አክስት። ሶማሌዎች የአባትን እህት ኤዶ ይላሉ፤ እኛም ከባሏ ቤተሰብ አፍ ወስደን ኤዶ ሳፊያ እንላቸዋለን። አሥር ዓመት ግድም አልፎ እሳቸው ያው ናቸው፣ ያው ሰፊ ሻሽ፣ ያው ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ። ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ሲኒማ አልኳቸው። «አሁንስ ፊት ታነሻለሽ?» አሉኝ፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። የኔንም ሃምሳ ፍራንክ ከፍለው፣ ለአባቴ ሰላምታ ልከው፣ ቀድመውኝ ወረዱ። እኔ ግን ሐሳብ ይዞኝ መውረጃዬን አልፌ ሄሮን ሰፈር ደረስኩ። እዚያ የባሕሩን ዳር ይዤ፣ የድሮዎቹን የፈረንሳይ ቤቶች ጥላ እየመረጥኩ በእግሬ ስመለስ ነው ይህን ልጽፈው የወሰንኩት።

አባቴ ትዝታ ለመጻፍ ቢያንስ አንድ ጥርስ መውለቅ አለበት ይላል። የኔ የወተት ጥርሶች ሁሉም ወልቀዋል፤ እሱ ይበቃኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ሂክማ ግን ከአሁኗ ሂክማ በጣም ትርቃለች። የምትኖርበት ጅቡቲም ከአሁኑ ይርቃል። ያኔ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ከባድ መኪና አልነበረም፣ አዲሱ ባቡርም አልነበረም። የነበረው አሮጌው ባቡር ነበር፣ መቼ እንደሚነሳ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የሌለው።

ስለ ፊልም ትምህርቴ ትንሽ ልበል፣ ከዚያ እመለሳለሁ። የምማረው አዲስ አበባ ነው፤ አሁን ለእረፍት ወደ ወላጆቼ መጥቼ ነው። መንፈቁ ሊያልቅ ሲል አስተማሪያችን የሙከራ ሲኒማ የሚባለውን አሳየን። ታሪክ የለው፣ ተዋናይ የለው። ነጭ ግድግዳ ላይ ብርሃን ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል፣ በቃ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ፣ «ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። አንዷ ስልኳን አውጥታ መልእክት ትጽፋለች። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ደስ ብሎኝ፣ ቤቴ የገባሁ መስሎኝ ቁጭ ብያለሁ። ሲያልቅ ምን አያችሁ አለን አስተማሪው። እጄን አወጣሁና፣ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ወጥቶ የሄደ ይመስለኛል አልኩ። እንዴት አወቅሽ ሲለኝ፣ እኔም አንድ እንዲህ ዓይነት ሠርቻለሁ፣ ያክስቴ ሰርግ ላይ አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አስተማሪው ግን አልሳቀም፤ ካሴቱን አምጪልኝና ልየው አለኝ። አይሆንም አልኩት። የሴቶች በኩል ነው፣ አንተ ወንድ ነህ። ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ የሱቃችን ነገር። አባቴ ካርቲዬ ዱ ማዕዘኑ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ አሁንም አለው፣ ድሮ ግን በሩ ሰፊ ነበር። አባቴና አክስቴ ፈትሂያ የድሬዳዋ ልጆች ናቸው። እሱ ቀድሞ መጥቶ ሱቁን ከፈተ፤ እሷ ከኋላ መጥታ በመሸጥ ታግዘው ጀመር። ብዙውን ጊዜ የምንሸጠው የድሪዕ ጨርቅ ነው። ድሪዕ እዚህ ሴቶች ሁሉ የሚለብሱት ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው፤ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ይለበሳል። ፈትሂያ ጨርቅ ስትሸጥ ዋጋ ቀድማ አትናገርም። ጣቃውን ትዘረጋና በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐይዋ ታነሳዋለች። ብርሃኑ በጨርቁ ያልፍና እሷም ገዢዋም ጠረጴዛውም ብርቱካናማ ይሆናሉ። ሌላ ታነሳለች፣ ሁሉም አረንጓዴ። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ስታይ ያኔ ነው ዋጋው የሚነገረው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ባጌት ዳቦ እየበላሁ ቀለም ይፈራረቅብኛል። አሁን የፊልም ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን ማጣሪያ ሲያስተምሩን፣ በመብራት ፊት ባለቀለም ላስቲክ ሲያደርጉ፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ የምጽፈው ጠፍቶኝ ባጌት ባጌት ይሸተኛል።

ከሱቁ ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ የመናዊ ነበር። ጧት ጧት የዑድ ሙዚቃ ያሰማል፣ ሲመሽ የሴት ዘፈን። በመካከል ዘርዛሪዎቹ ሴቶች ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብርና ፍራንክ ይለዋወጣሉ። ቀትር አልፎ የጫት መኪኖቹ ከድሬዳዋ በኩል የመጣውን ይዘው ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲገቡ ከተማው ሁሉ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ማንም ሰዓት አያይም፣ ጥሩምባ ነው የሚሰማው። ያን ዓመት ፋሽኑ ከዱባይ የሚመጣ መስታወት የመሰለ ባለ ተረከዝ ጫማ ነበር። ከውስጡ አበባ ወይም ብልጭልጭ ይታያል። ሴቶቹ ያን ጫማ ሲያደርጉ አሸዋው ላይ እንደ ግመል ይራመዱ ነበር፤ ግን ሁሉም አደረጉት፣ እናቴም።

ፈትሂያን ያን ጊዜ ነው ሮብሌ የሚባል የጅቡቲ ሰው ለትዳር የጠየቃት። ሮብሌ መኪና ነጂ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሱቁ መጥቶ ሳይገዛ የሚሄድ። አባቴ ወደደው። እናቴም ወደደችው። ድሬዳዋ ያለችው አያቴ ግን አልወደደችም። አያቴን ሁላችንም አዬ ነው የምንላት። አዬ ስድስት ልጅ ወልዳ የቀሩላት ሁለቱ ናቸው፣ አባቴና ፈትሂያ፤ ሁለቱንም ጅቡቲ ወሰደባት። ለፈትሂያ ሰፈሯ ውስጥ የታሰበ ሰው ነበር። በስልክ ለአባቴ፣ «ጨርቅ ትሽጥ ብዬ ሰጠሁህ፣ አንተ ለባሕር ዳርክልኝ» አለችው። ሰርጉ ድሬዳዋ ካልሆነ አልመጣም አለች። የሮብሌ ቤተሰብ ትልቅ ነው፣ ሁሉ እዚህ ነው፣ ሰርጉም እዚህ ሆነ። ያኔ አዬ፣ ወላሂ ደወሌን አልሻገርም ብላ ማለች። ደወሌ ድንበሩ ነው። እሷ ደግሞ ስትምል ለጨዋታ አይደለም።

አባቴ መላ አገኘ። አዬ ካልመጣች ሰርጉ ወደ አዬ ይሂድ፤ ይቀረጽና በባቡር ይድረሳት፣ ልጇን ነጭ እንደለበሰች ስታይ ልቧ ይራራል አለ። ፈትሂያም ሁለት ዓመት እናቷን አላየችም፤ ተስፋዋ ሁሉ ካሴቱ ላይ ሆነ። አንድ ቀራጭ ተቀጠረ። ግን እሱ ወንድ ነው፤ የሚገባው ወንዶቹ የተቀመጡበት ዳስ ብቻ ነው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ተገልጠው፣ ተኳኩለው፣ እየጨፈሩ። እዚያ ወንድ ዝር አይልም። ካሜራ የምታውቅ ሴት ተፈልጋ ታጣች። አባቴ ከዱባይ ለሽያጭ ያስመጣት ትንሽ ካሜራ ነበረችው፣ እኔ ሳይፈቀድልኝ ስነካካት ከርሜ አብጠርጥሬ አውቃታለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው በዘጠኝ ዓመቴ የሴቶች ወገን ቀራጭ የሆንኩት። አባቴ ማሰሪያዋን አንገቴ ላይ አጥልቆ፣ «አዬ ልጇን በአንቺ ዓይን ነው የምታያት» አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

ሌላ ምክር የሰጡኝ ኤዶ ሳፊያ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው አገጬን ይዘው፣ ካሴት እግር አለው፣ ማባዣ ቤት ይገባል፣ ማባዣ ቤት ደግሞ ወንድ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የማንም ሴት ፊት ሳታስፈቅጂ እንዳታነሺ አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ያኔ እንዲህ የሆነባት ሴት ነበረች፣ ሁሉም ያውቃል። እኔም ታዛዥ ልጅ ነበርኩ፣ እያንዳንዷን አስፈቀድኩ። እያንዳንዷም አልፈቀደችም። አንዷ ስትጨፍር አይሆንም፣ አንዷ ስትበላ አይሆንም፣ አንዷ ባሏ ቀናተኛ ነው፣ አንዷ ጸጉሯ አልተሠራም። ካሜራውን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ከሆነ ቦታ የኤዶ ሳፊያ ድምፅ ይመጣል፤ «ወደ ታች!» ስለዚህ ወደ ታች ቀረጽኩ። ጫማ። ብዙ ጫማ። መስታወት ተረከዝ፣ ውስጡ አበባ፣ ሂና የተቀባ ቁርጭምጭሚት፣ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ የቪምቶ መጠጥ። ታች ሲሰለቸኝ ላይ ቀረጽኩ፤ የጣሪያውን ማራገቢያ። ከዚያ ድሪዖቹን፣ ፊት ሳይኖር ጨርቁን ብቻ፣ በመስኮቱ ፊት ሲያልፉ ክፍሉ ቢጫ፣ ክፍሉ ሐምራዊ ሲሆን። ይሄን ስቀርጽ ሰው መኖሩን ሁሉ ረሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አሁንም ቢሆን ካሜራ ስይዝ የምፈልገው ያን ነው።

ሙሽራዋን መቅረጽ ተፈቅዷል። ችግሩ ፊቷ ተሸፍኗል፤ የሚገልጡት የባሏ ወገን ሴቶች ናቸው። ሊገልጡ ሲሉ ሁሉም ተነስተው ከበቧት፣ እኔ ከወገባቸው በታች ቀረሁ። ልክ ያኔ ደግሞ መብራት ሄደ። ሙቀቱ ሊገባ ሲል በየቀኑ ይሄድ ነበር። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፣ ከበሮው ቆመ፣ ሴቶቹ አየር ፍለጋ ወደ ግቢው ወጡ። የጫት መኪኖቹ ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ፈትሂያ፣ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። ካሜራውን ወደ ፈትሂያ አዞርኩ። ፊቷ ተገልጧል፣ ኩሏ ግን እየወረደ ነው። በእጇ ከለከለችኝ፤ «ሂክሚዬ፣ አሁን አትቅረጪኝ። አዬ ሳለቅስ እንድታየኝ አልፈልግም።»

እኔም ካሜራውን ወደ መስኮቱ መለስኩ። መጋረጃው ላይ ፀሐይ አርፋለች፣ ንፋስ የለም፣ ግን ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። እሱን ያዝኩ። አላጠፋሁትም። መቅረጽ ማለት ለኔ ምስል ብቻ ነበር፤ ያልታየ ሰው አልተቀረጸም። አሁን የድምፅ አስተማሪያችን፣ ምስል በር ነው ድምፅ ግን ግድግዳን አልፎ ይገባል ስትለን፣ ሌሎቹ ውብ አባባል ነው ብለው ደብተራቸው ላይ ያሰምሩበታል። እኔ ግን ያን መጋረጃ ነው የማየው። ከመጋረጃው ምስል ጀርባ ሁለት ሴቶች የተናገሩትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁና።

«ስልክ አልጮኸም?» አለች ፈትሂያ።

«መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል» አለች እናቴ።

«መስመሩ ደህና ነው። ጧት ሱቅ ሄጄ ደውዬላታለሁ።»

«እና?»

«አነሳች። አዬ እኔ ነኝ ስላት ዘጋችው።»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የልብስ ኮሽታ ነው፣ እናቴ ስታቅፋት ይመስለኛል። ከዚያ መብራት መጣ፣ ማራገቢያው ተነሳ፣ ሴቶቹ እየጮሁ ተመለሱ፣ እኔም ወደ ጫማው ተመለስኩ።

ካሴቱን ከመላኩ በፊት ያየው የለም። እንዴት እንደሆነ አሁን የማያውቅ ሰው ግር ይለዋል፣ ለኛ ግን ግልጽ ነው። አባቴ ሊያየው አይችልም፣ የሴቶች ወገን ነው። እናቴ የድግሱን ዕቃ ስታነሳና ስታጥብ ጊዜ አልተረፋትም። ፈትሂያ ባሏ ቤት ገብታለች። እኔን ማን ይጠይቀኛል። አባቴ የወንዶቹን ካሴት ለናሙና አየው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ጫት የወጠረው ጉንጭ ነው። በዚህ ስቆ ሁለቱንም ካሴት፣ ካሜራውን፣ ገመዱንና እኔን ይዞ ወደ ባቡር ሄደ። የሰርጉ ፎቶዎች ገና አልታጠቡም ነበር። ወንበራችን ላይ በሩዝና በፓስታ ካርቶን መካከል ተቀምጠን፣ አሊ ሳቢህ ጣቢያ ላይ ግማሽ ቀን ቆመን፣ በሁለተኛው ቀን ድሬዳዋ ገባን።

አዬ ለአባቴ ሰላምታ ሰጠችው፣ ስለ ሰርጉ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ጎረቤቶቿ ግን ካሴት መጣ ሲባል ቤቱን ሞሉት። ከሁሉም ፊት የተቀመጠችው መዲና ናት፤ አጥር ትጋራታለች፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ለፈትሂያ የታሰበው ሰው የእህቷ ልጅ ነበር። ወንዶች ወጡ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔ ቢጫውን ገመድ በቢጫው፣ ቀዩን በቀዩ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁና ከፈትኩ።

ጫማ መጣ። ሴቶቹ ጠበቁ። ሌላ ጫማ መጣ። አንዷ ገመዱ ነው፣ ነካ ነካ አድርጊው አለችኝ። ነካ ነካ አደረግሁት፣ ጫማው ቀጠለ። ማራገቢያ መጣ። መዲና ወደ አዬ ሳታይ፣ «አቦ ይሄ ሰርግ ነው ወይስ የጫማ መደብር?» አለች፤ ቤቱ ሳቀ። አዬ አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቴሌቪዥኑን ታያለች፣ ትጠብቃለች። ከሷ ይልቅ እኔ በሐፍረት ተሸማቀቅሁ፤ አባቴ በአንቺ ዓይን ነው የምታያት ያለኝ ነገር ክብደቱ ያኔ ነው የተሰማኝ። የምትፈልገው አንድ ፊት ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን አንድ ፊት አላመጣሁም።

ከዚያ መጋረጃው መጣ። ማራገቢያው ስለቆመ ድምፁ ጥርት አለ፤ ድሬዳዋ ቤት ውስጥ ፈትሂያ እዚያው የተቀመጠች ይመስል ነበር። ስልክ አልጮኸም። መስመሩ ደህና ነው። አነሳች። ዘጋችው። መጋረጃው ይተነፍሳል። ሴቶቹ አንገታቸውን ወደ አዬ ሊያዞሩ ፈልገው ፈሩ። መዲና እንኳን ሻሿን ማስተካከል ጀመረች።

«መልሺው» አለችኝ አዬ።

መለስኩት። እንደገና ሰማነው።

«ድምፁን ጨምሪው።»

ጨመርኩት። አሁን አባቴም ከዛፉ ሥር ሰምቶ ተነስቶ ቆሟል፣ በመስኮቱ እግሩ ይታየኛል። ሲያልቅ አዬ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «ሰማችሁ? እውነቷን ነው፤ ዘግቼባታለሁ» አለች። መልስም ሳትጠብቅ ወደኔ ዞራ ይቀጥል አለችኝ፣ ቀጥሎም ከነዚህ ሁሉ የፈትሂያ እግር የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጫማ የሌለውን አሳየኋት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሂና የተቀባውን። ከወንበሯ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። ካሴቱ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳችም፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያደረጉ ወጡ።

በማግሥቱ አባቴ ለአዬ የጅቡቲ ቤታችንን ቁጥር ደወለላት። ከኛ ቤት እናቴ አነሳች፣ ፈትሂያ እዚያ ነበረች፣ አቀበለቻት። እናቴ ግን በሰርጉ ቀን ያወሩት ካሴቱ ላይ እንደተገኘ ቀድማ ከአባቴ ሰምታ ነግራታለች፤ ጎረቤት ሁሉ መስማቱን ጭምር። አዬ፣ «ፈትሂያ» አለች። ጠበቀች። ከዚያ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። ፈትሂያ ዘግታባታለች። አባቴ ሊቆጣ ነበር፣ አዬ ግን በእጇ ከለከለችው። ስትስቅ ያየኋት በዚያ ጉዞ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ደህና» አለች፣ «የኔው ልጅ መሆኗን አረጋገጥኩ።»

አዬ ጅቡቲ ለመሄድ ቆረጠች፤ መሐላው ግን መሐላ ነው። ወላሂ ብሎ የማለ ሰው መሐላውን ሊያፈርስ ቢፈልግ ማካካሻ አለው፣ ከፋራ ይባላል፤ አሥር ችግረኛ ያበላል። አዬ ትልቁን ብረት ድስት ግቢ ውስጥ ጣደች፣ ሩዝና ሥጋ ሠራች፣ አባቴን መስጊዱ ደጃፍ ልካ ሰዎቹን አስጠራች፣ በእጇ አቀረበችላቸው። መዲና ሳትጠራ መጥታ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሰው ሁሉ ከጅቡቲ ወደ ድሬ በሚሸሽበት ወር፣ በዚህ ሙቀት ወዴት ልትሄጂ ነው አለቻት። አዬ ሥራ አለኝ አለች። መዲና ጥቂት ልጣ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ እንግዲያው ለሙሽራዋ ባዶ እጅሽን አትሂጂ ብላ ከቤቷ አንድ ፌስታል የደረቀ በርበሬ አምጥታ ጓዙ ላይ ጨመረች። የታሰበው ሰው የእህቷ ልጅ እንደነበር እያወቅሁ ያን ፌስታል ሳየው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ባቡሩ ደወሌ ሲደርስ አዬ በመስኮቱ አየችና ውሃ ስጡኝ አለች። ጣቢያው ላይ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀብን። ታክሲው ውስጥ ባሕሩን አሳየኋት፤ አዎ ይሄው ነው አለች፣ ስሙን ብቻ የሰሙትን ሰው በአካል ሲያገኙ እንደሚባለው። አባቴ ለፈትሂያ ቀኑን አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ቤቷ ባልባላ ሰፈር ነበር፣ ቆርቆሮ አጥር፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም። ሮብሌ ዶራሌ ሥራ ላይ ነው። አባቴ ሊያንኳኳ ሲል አዬ አስቆመችው፣ ራሷ አንኳኳች።

ፈትሂያ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው፣ ጸጉሯን በአሮጌ ሻሽ አስራለች፣ ላብ ፊቷን አርሶታል፣ ኩል የለ፣ ሂናው ለቋል። በሩን ከፍታ ቆመች። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

«ፊትሽን ለማየት ነው የመጣሁት» አለች አዬ፤ «ካሴቱ ላይ የለም።»

ፈትሂያ ፊቷን በክንዷ ጠረገች፣ አረፋው ጉንጯ ላይ ቀረ። ከበሩ ገለል አለች።

«ግቢና እዪኝ እንግዲህ። ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»